ሁለቱ ሰንበታት፦ ከኤዎስጣቴዎስ እስከ ፋሲለደስ

የሰንበት ሕግ በኦሪት ሁለት ጊዜ ተጽፏል፤ የተሰጠው ምክንያት ግን አንድ አይደለም። በዘፀአት ምዕራፍ 20 ሰባተኛው ቀን የሚከበረው እግዚአብሔር ሰማይንና ምድርን በስድስት ቀን ፈጥሮ በሰባተኛው ስላረፈ ነው። በዘዳግም ምዕራፍ 5 ሙሴ ያንኑ ትእዛዝ ሲደግም ስለ ፍጥረት ምንም አይልም፤ የሚያነሣው የግብፅን ባርነት ነው። ወንዱም ሴቷም አገልጋይ፣ በሬውም አህያውም፣ በደጅ ያለው መጻተኛም እንዲያርፉ ያዛል፤ ዛሬ ጌታ የሆነው ሰው ትናንት ራሱ ባሪያ ነበርና። ስለዚህ ቀኑ ለምን እንደሚከበር መመርመር የተጀመረው ኋላ በመጡ ተርጓሚዎች አይደለም፤ በሕጉ በራሱ ውስጥ ነው።

በክርስትና ዘመን ጥያቄው ሌላ መልክ ያዘ። ክርስቶስ የተነሣው እሑድ ነው፤ ምእመናንም ሥጋውንና ደሙን ለመቀበል የሚሰበሰቡት በዚያው ቀን ነው። ታዲያ ቅዳሜ ምን ትሁን? በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሁለት መልሶች ጎን ለጎን ይሰሙ ነበር። በትንሿ እስያ በሎዶቅያ የተሰበሰቡ ጳጳሳት፣ ክርስቲያን ቅዳሜ ሥራ ፈትቶ እንደ አይሁድ እንዳያርፍ ከለከሉ። በዚያው ክፍለ ዘመን በሶርያ የተጠናቀረው የሐዋርያት ሥርዓት ግን አገልጋዮች አምስት ቀን ሠርተው ቅዳሜና እሑድ ትምህርት ለመስማት ወደ ቤተ ክርስቲያን እንዲሄዱ ደነገገ፤ ቅዳሜ ስለ ፍጥረት፣ እሑድ ስለ ትንሣኤ።

ይህ ሁለተኛው መልስ በሲኖዶስና በዲድስቅልያ መጻሕፍት ውስጥ ታቅፎ፣ ከዓረብኛ ወደ ግእዝ ተተርጉሞ ኢትዮጵያ ደረሰ። የመጣበት መንገድ ግብፅ ነበረች። የእስክንድርያ ቤተ ክርስቲያን ግን ቅዳሜን ማክበር ወደ አይሁድ ሥርዓት መመለስ ነው የሚል አቋም ነበራት፤ ለኢትዮጵያ ጳጳስ የምትሾመውም እርሷ ነበረች። የኢትዮጵያ መነኰሳት በእጃቸው የያዙት መጽሐፍ አንድ ነገር ሲል፣ መጽሐፉ ከመጣበት አገር የሚላክላቸው ጳጳስ ሌላ ይል ነበር። ለመቶ ዓመት ያህል የቆየው ክርክር የተነሣው ከዚህ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።)

ኤዎስጣቴዎስ በ1273 ገደማ በትግራይ ተወለደ። በገርዓልታ በሚገኘው ደብረ ማርያም ገዳም በዘመዱ በአባ ዳንኤል እጅ ተምሮ መነኰሰ፤ ኋላም ወደ ሰራየ ተሻግሮ ብዙ ደቀ መዛሙርት አፈራ። ትምህርቱ በሁለት ነገር ላይ የቆመ ነበር፦ በዐሠርቱ ቃላትና በሐዋርያት ሥርዓት። ሙሴ ከሲና ይዞት የወረደው የዐሠርቱ ቃላት ጽላት በእግዚአብሔር ጣት የተጻፈ ነው፤ ሐዋርያትም በሥርዓታቸው ሁለቱንም ሰንበታት አዘዋል። ለእርሱ ክርክሩ በዚህ ያልቅ ነበር።

ለተቃዋሚዎቹ ግን አላለቀም። የአገሩ ካህናት ተነሡበት፤ ከሚቀድሱት ተለየ፤ በ1337 ገደማም አገሩን ለቆ ተሰደደ። ከደቀ መዛሙርቱ ጥቂቶቹን አስከትሎ በኖባ በኩል ወደ ግብፅ ወረደ፤ እዚያም በፓትርያርኩ በብንያሚን ፊት ጉዳዩን አሰማ። ገድሉ እንደሚተርከው፣ አገሬን የተውኩት የሐዋርያትን ትእዛዝ የሚጠብቅ ባገኝ ብዬ ነበር፤ እዚህም አላገኘሁም ብሎ ወቀሳቸው። ከዚያ ኢየሩሳሌምን ተሳልሞ በቆጵሮስ አልፎ ወደ አርመን አገር ሄደ። ሠዓሊዎች ሲሥሉት የኖሩት፣ አጽፉን በባሕር ላይ ዘርግቶ ከደቀ መዛሙርቱ ጋር ሲሻገር ነው። በ1352 በአርመን ዐረፈ። አገሩን ዳግመኛ አላየም።

ከሞቱ በኋላ በቂሞስ፣ መርቆሬዎስና ገብረ ኢየሱስ የሚባሉ ደቀ መዛሙርቱ ተመለሱ። ሌላው ደቀ መዝሙር አብሳዲ በቆሐይን ደብረ ማርያምን፣ ከእነርሱ ቀጥሎ የተነሣው አባ ፊልጶስም በ1361 ገደማ ከቀይ ባሕር ቆላ በላይ ባለው ተራራ ደብረ ቢዘንን መሠረቱ። የኤዎስጣቴዎስ ቤት እየሰፋ ሄደ፤ ነገር ግን ከጳጳሱ ክህነት አይቀበልም ነበር። ቅዳሜን የሻረ እጅ እንዴት ይባርከናል ባዮች ነበሩ። ለሕጉ ሲሉ የከፈሉት ዋጋ ቀላል አልነበረም፤ ያለ ጳጳስ ካህን፣ ያለ ካህን ቅዳሴ የለምና። ጳጳሳቱም በበኩላቸው አወገዟቸው።

በ1400 ዐፄ ዳዊት የአባ ፊልጶስን ወገኖች ወደ ቤተ መንግሥት አስጠሩ። ጳጳሱ አቡነ በርተሎሜዎስ ነበሩ፤ የሐይቅ እስጢፋኖሱ ዐቃቤ ሰዓት አባ ሠረቀ ብርሃንም የጳጳሱን ወገን ይዘው ተከራከሩ። መነኰሳቱ ቅዳሜን አንተውም አሉ። ፊልጶስ በሐይቅ እንዲታሰር ተፈረደ፤ አራት ዓመት እዚያ ቆየ።

በ1404 ግን ዳዊት ራሳቸው ፈቱት። የሰሜን ገዳማት እየጠነከሩ መጥተዋል፤ በቤተ መንግሥትም ለቅዳሜ የሚያደላው ሰው በዝቷል። ንጉሡ የሰጡት መፍትሔ ግማሽ መንገድ ነበር፦ የኤዎስጣቴዎስ ልጆች ሁለቱን ሰንበታት እንዲያከብሩ ተፈቀደ፤ ጳጳሱና ቤተ መንግሥቱ በቀደመው ልማዳቸው ቀጠሉ። ፊልጶስ ከተፈታ ከሁለት ዓመት በኋላ ዐረፈ።

በዚህ መካከል ክርክሩ ከእስር ቤትና ከግዝት ወጥቶ ወደ ብራና ገባ። የጋስጫው አባ ጊዮርጊስ፣ በዜማና በጸሎት ድርሰቶቹ የታወቀው ሊቅ፣ በ1424 በጨረሰው «መጽሐፈ ምሥጢር» የሰንበትን ክብር ደግፎ ጻፈ። እርሱ የኤዎስጣቴዎስ ቤት ሰው አልነበረም፤ የተማረውም ተቃውሞው በበረታበት በሐይቅ ነው። ቅዳሜ የአንድ ወገን ምልክት መሆኗ እየቀረ መሄዱን ከዚህ በላይ የሚያሳይ የለም።

ከዳዊት ልጆች አንዱ ዘርዐ ያዕቆብ በ1434 ነገሡ። ጽኑ ሰው ነበሩ፤ ጣዖት አምልከዋል በሚል ክስ የገዛ ልጆቻቸውን እስከ መቅጣት የደረሱ፣ ጠንቋይ በተባለ ላይ ምሕረት የሌላቸው ንጉሥ። ጸሐፊም ነበሩ። በስማቸው የሚታወቀው «መጽሐፈ ብርሃን» በሰንበታት በቤተ ክርስቲያን እንዲነበብ ተብሎ የተዘጋጀ ነው፤ ከሚደጋግማቸው ነገሮች አንዱም የሁለቱ ሰንበታት ክብር ነው።

የቀዳሚት ጠበቆች ከሚያነሧቸው ማስረጃዎች መካከል ከዲድስቅልያ የተወሰደ አንድ ትርጓሜ ነበር። ክርስቶስ በተራራው ስብከት ሰማይና ምድር እስኪያልፉ ድረስ ከሕግ አንዲት የውጣ እንደማታልፍ ተናግሯል። የውጣ የግሪክ ፊደል ናት፤ በቁጥር ዐሥር ናት። ዐሥርም ዐሠርቱ ቃላት ናቸው። በግሪክ የኢየሱስ ስም የሚጀምረውም በዚህችው ፊደል ነው። እንግዲህ ከዐሥሩ አንዱን መሻር የስሙን ፊደል መንካት ሆነ። ኤዎስጣቴዎስ «ታዝዟል» ብሎ የያዘውን ሕግ ተከታዮቹ ዘመናት ከክርስቶስ ስም ጋር አሰሩት። ቅዳሜን የሚያከብር ከክርስቶስ ወደ ሙሴ ይመለሳል ለሚለው ወቀሳ፣ ሕጉ ራሱ ክርስቶስን ይዞ ነው የሚገኘው የሚል መልስ ተገኘለት።

በ1438 ሚካኤልና ገብርኤል የተባሉ ሁለት ጳጳሳት ከእስክንድርያ መጡ። እንደ ቀደሙት ሁሉ ለቅዳሜ አልተስማሙም። ንጉሡ ዐሥራ ሁለት ዓመት ያህል ታገሡ። በ1450 በሸዋ በተጉለት ባሠሩት በደብረ ምጥማቅ ጉባኤ ተጠራ፤ ደብሩ ስሙን ያገኘው በግብፅ ከፈረሰ የእመቤታችን ገዳም ነው። የኤዎስጣቴዎስ ቤት አበው መጡ፤ ጳጳሳቱም ተገኙ። በዘርዐ ያዕቆብ ምስክርነት ሁለቱ ጳጳሳት ሁለቱን ሰንበታት ለማክበር ተስማምተው በገዛ እጃቸው ጽፈው አረጋገጡ። መነኰሳቱም በፋንታቸው ከጳጳስ ክህነት መቀበልን ተቀበሉ። ኤዎስጣቴዎስ አገሩን ለቆ ከሄደ መቶ ዓመት አልፎ ነበር።

ንጉሡ በድሉ ብቻ አልረኩም። ካህናት በቅዳሜና በእሑድ ሕዝቡን እንዲያስተምሩ፣ ሕዝቡም ሥራውን ትቶ ለመስማት እንዲመጣ አዘዙ። አምስት ቀን ሥራ፣ ሁለት ቀን ትምህርት የሚለው የሶርያው ሥርዓት ከአንድ ሺህ ዓመት በኋላ በሸዋ ደጋ የመንግሥት ትእዛዝ ሆነ።

በዚያው አገር ቅዳሜን በሌላ ዓይን ያዩም ነበሩ። ቤተ እስራኤል ለዚህች ቀን «ትእዛዘ ሰንበት» የሚባል የግእዝ መጽሐፍ አላቸው። በእርሱ ሰንበት በሰው አምሳል ትታያለች፤ በመላእክት ታጅባ በእግዚአብሔር ፊት ቆማ ስለሚያከብሯት ትማልዳለች። በአጎራባች መንደር የሚኖሩ ሁለት ምእመናን አንዲትን ቀን ያከብሩ ነበር፤ ለአንዱ ቀኗ ብቻዋን ንግሥት ነች፤ ለሌላው የእሑድ ጓደኛ።

ከደብረ ምጥማቅ ጉባኤ ስምንት ዓመት አስቀድሞ በጣልያን ሌላ ውሳኔ ተላልፎ ነበር። ከኢየሩሳሌም የተላኩ ኢትዮጵያውያን በ1441 ፍሎረንስ ገብተው በዚያ ተሰብስቦ በነበረው የሮም ቤተ ክርስቲያን ጉባኤ ታይተዋል። በየካቲት 1442 የሮም ቤተ ክርስቲያን ለግብፅ ክርስቲያኖች ባወጣችው ድንጋጌ፣ ወንጌል ከተሰበከ በኋላ ግዝረትንና ሰንበትን የሚጠብቁ ከድኅነት የራቁ ናቸው ተባለ። ይህ ቃል በኢትዮጵያ ለጊዜው ብዙም አልተሰማም፤ ከሦስት ትውልድ በኋላ ግን ጸጋ ዘአብ የሚባል ኢትዮጵያዊ መልእክተኛ ሊዝበን ላይ ተጋፈጠው።

ጸጋ ዘአብን የላኩት ዐፄ ልብነ ድንግል ናቸው፤ በ1527 ከፖርቱጋል ልዑካን ጋር ሊዝበን ገባ። የሄደው ለንጉሥ መልእክት ነበር፤ የጠበቀው የሃይማኖት ምርመራ ሆነ። ዲዮጎ ኦርቲዝና ፔድሮ ማርጋልዮ የተባሉ የፖርቱጋል ሊቃውንት ስለ ሰንበት፣ ስለ ግዝረትና ስለ መብል ጠየቁት፤ መልሱ አላረካቸውም። ለዓመታት ከሥጋ ወደሙ ተከልክሎ ተቀመጠ። ክርስቲያን ሆኖ በክርስቲያኖች መካከል እንደ ባዕድ መቆጠሩ ክፉኛ አሳዘነው።

በ1534 የአገሩን እምነት በጽሑፍ አስቀመጠ፤ የጻፈውም ለፖርቱጋላዊው የታሪክ ሰው ለዳሚያዎ ደ ጎይሽ ነው። ስለ ቀዳሚት የሰጠው መልስ እንዲህ ይሄዳል። እግዚአብሔር ፍጥረትን ፈጽሞ ያረፈባትን ቀን ቅዱስ ብሎ ሰይሟታል፤ ክርስቶስም ሕግን ሊፈጽም እንጂ ሊሽር አልመጣም፤ ስለዚህ ኢትዮጵያውያን የሚያከብሯት አይሁድን ለመምሰል ሳይሆን ክርስቶስንና ሐዋርያትን ታዝዘው ነው። እሑድን ደግሞ ስለ ትንሣኤው ያከብራሉ። ደ ጎይሽ ጽሑፉን በላቲን ተርጉሞ በ1540 በሉቫን አሳተመው። መጽሐፉ በአውሮፓ ሲነበብ በፖርቱጋል እንዳይሸጥ ታገደ።

መጽሐፉ በታተመበት ዓመት በኢትዮጵያ ገላውዴዎስ ነገሡ። ገና ወጣት ነበሩ፤ አገሪቱ በአሕመድ ግራኝ ጦርነት ተቃጥላለች፤ ልጅነታቸውም በሽሽት አልፏል። በ1543 በፖርቱጋል ወታደሮች እርዳታ ድል ካደረጉ በኋላ የረዷቸው ወገኖች ዋጋ ጠየቁ፦ ለሮም መገዛትን። በ1555 ጎንሳሎ ሮድሪጌዝ የተባለ ኢየሱሳዊ ካህን መጥቶ የኢትዮጵያን ቤተ ክርስቲያን ስሕተት ያለውን ዘርዝሮ ጻፈ። ንጉሡም በሰኔ 1555 በግእዝ አጭር ጽሑፍ አወጡ፤ «የገላውዴዎስ የሃይማኖት መግለጫ» ተብሎ የሚታወቀው እርሱ ነው።

ጽሑፉ ከሁለት ገጽ እምብዛም አይበልጥም፤ ነገር ግን ከኤዎስጣቴዎስ ጀምሮ ሲነሣ የኖረውን ጥያቄ ይዞ ቦታውን ይለውጠዋል። ቀደምት አባቶች የተከራከሩት ቀኑ ይከበር ወይስ ይተው በሚለው ነበር። ገላውዴዎስ እንዴት ይከበራል ወደሚለው ተሻገሩ። አይሁድ በዚያ ቀን ውኃ አይቀዱም፣ እሳት አያነድዱም፣ ወጥ አይሠሩም፣ እንጀራ አይጋግሩም፣ ከቤት ወደ ቤት አይሄዱም። እኛ ግን ቁርባን እናቀርብበታለን፤ አባቶቻችን ሐዋርያት በዲድስቅልያ እንዳዘዙን የፍቅር ማዕድ እናደርግበታለን አሉ። የተከለከለውን ሥራ በመቁጠር ፋንታ የሚሠራውን አስቀደሙ። ከኦሪቱ የወሰዱት ቀኑን ነው፤ በቀኑ ውስጥ ያኖሩት ግን ቅዳሴና ድሃ የሚበላበት ማዕድ ነው። እሑድም ከዚህች ቀን እንደምትበልጥ ግልጽ አደረጉ።

ስለ ግዝረት የሰጡት መልስ ከዚህም ይደፍራል። ጳውሎስ መገረዝም አለመገረዝም አይጠቅምም ማለቱን እናውቃለን አሉ፤ በአገራችን የሚደረገው ልማድ ነው፤ በኢትዮጵያና በኖባ ፊትን እንደ መተልተል፣ በሕንድ ጆሮን እንደ መብሳት። ስለ እሪያ ሥጋም እንዲሁ፦ የሚጠየፍ እንዲበላ አይገደድም፤ የሚበላም አይከለከልም፤ ጳውሎስ ለሮም ሰዎች የጻፈው ይህንኑ ነውና።

እዚህ ላይ ሦስቱ ሕጎች እኩል አለመታየታቸው ልብ ይሏል። ግዝረትና መብል ወደ ልማድ ወረዱ፤ ሰንበት ብቻ የሃይማኖት ክብሯን ይዛ ቀረች። ልዩነቱን የፈጠረው ያው አሮጌ ማስረጃ ነው፤ ሰንበት በዐሠርቱ ቃላት ውስጥ አለች፤ ሐዋርያትም በስሟ አዝዘውባታል፤ ሌሎቹ ግን ይህ የላቸውም።

ገላውዴዎስ በ1559 በሰሙነ ሕማማት ከሐረሩ አሚር ከኑር ጋር ሲዋጉ ወደቁ። ጽሑፋቸው ግን ተሻገረ፤ ጀርመናዊው የግእዝ ሊቅ ኢዮብ ሉዶልፍ በ1661 ከላቲን ትርጉም ጋር አሳትሞ ለአውሮፓ አንባቢ አቀረበው።

ከንጉሡ ሞት በኋላ ክርክሩ ወደ ሰይፍ ተመለሰ። በ1603 የነገሡት ዘድንግል በኢየሱሳውያን ትምህርት ተስበው ቅዳሜ እንዳይከበር ዐወጁ፤ አቡነ ጴጥሮስ ወታደሩን ከመሐላው ፈቱት፤ ንጉሡም በ1604 በባርጫ ጦርነት ተገደሉ። ይህ ያላስፈራቸው ዐፄ ሱስንዮስ በ1620 ገደማ የቅዳሜን ክብር ሲከለክሉ የበጌምድሩ ገዥ ዮናኤል ሸፈተ። ለገበሬው ጉዳዩ የሊቃውንት ሙግት ብቻ አልነበረም። ቅዳሜ እረስ ሲባል፣ አባቱ ካሳረፈው በሬ ጋር እርሻ ውረድ መባሉ ነበር።

ከሮም የተሾሙት ፓትርያርክ አልፎንሶ ሜንዴዝ በ1625 መጡ፤ በየካቲት 1626 በደንቀዝ ሱስንዮስና መኳንንቱ ለሮም መገዛትን ማሉ። ሕዝቡ እንደገና እንዲጠመቅ፣ ካህናቱ እንደገና እንዲሾሙ፣ የረቡዕ ጾም ቀርቶ ቅዳሜ እንዲጾም ታዘዘ። ይህ የመጨረሻው በተለይ ከበደ፤ ለኢትዮጵያውያን ቅዳሜ የሚበላባት ቀን ነችና መጾሟ ክብሯን መገልበጥ ነው። ላስታ በመልክአ ክርስቶስ መሪነት ተነሣ። በሰኔ 1632 በተደረገው ጦርነት ንጉሡ ድል አደረጉ፤ በሜዳው የወደቁት ግን በሺዎች የሚቆጠሩ የገዛ አገራቸው ክርስቲያኖች ነበሩ። ልጃቸው ፋሲለደስ የሞቱት እስላምም አረመኔም ሳይሆኑ ወገኖቻችን ናቸው ብለው እንደነገሯቸው ይተረካል። በዚያው ወር ሱስንዮስ የአባቶችን ሃይማኖት የሚመልስ ዐዋጅ አስነገሩ፤ ዙፋኑንም ለልጃቸው ለቀቁ። በመስከረም ሞቱ። ፋሲለደስ ኢየሱሳውያኑን ከአገር አስወጡ፤ ቀዳሚትም ከእሑድ ጎን ቦታዋን ያዘች።

በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ያ ሥርዓት ዛሬም ይሠራል። በሰንበታት አይሰገድም፤ በዐቢይ ጾም እንኳ ቅዳሜና እሑድ እንደ ሌሎቹ ቀናት እስከ ቀትር ማዶ ሳይበላ አይዋልም። ልዩነቷ የትንሣኤ ዋዜማ ናት። ክርስቶስ በመቃብር ያደረባት ቅዳሜ ስለምትጾም የቀኗ ክብር ለዚያች ዕለት ይሻራል፤ ቀዳም ስዑር መባሏም ስለዚህ ነው። በብዙ የሰሜን ገጠሮች ገበሬው በሁለቱም ቀናት በሬ አይጠምድም። በከተማ ግን የቅዳሜ ገበያ ይደራል፤ ሱቅ የሚዘጋው እሑድ ነው፤ እርሱም ከተዘጋ።

ገላውዴዎስ ለአውሮፓውያን የገለጹት ማዕድም አልጠፋም። ሰንበቴ ይባላል። ተራው የደረሰው ማኅበርተኛ ጠላውንና ዳቦውን ይዞ ይመጣል፤ ከቅዳሴ በኋላ ካህኑ ይባርካል፤ በቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር ማኅበርተኛውም የኔ ቢጤውም አብረው ይቀምሳሉ። ንጉሡ ያን ማዕድ ያነሡት ስለ ቀዳሚት ሲናገሩ ነበር፤ አሁን በአብዛኛው የሚቀርበው ግን እሑድ ነው።